የአራት ነጥብ አቤቱታ

ቅዳሜ ጧት ነበር፤ ዝናብ በቆርቆሮ፣
ዘጠኝ ልጅ፣ አንድ ማሽን፣ ጠባብ ክፍል ጓሮ።
መስኮቱን ስከፍተው ሐይቁ ይጠራናል፣
ስዘጋው የዘጠኝ ልጅ ካልሲ ያፍነናል።

እኔ የፊዚክስ መምህር፣ ለዚህ ተመድቤ፣
ከልጆቹ ቀድሜ ሁለት ምዕራፍ አንብቤ፣
ጠመኔ ጨብጬ ቆምኩኝ ከፊታቸው፤
«ዛሬ» አልኩ «ፊደላትን ለጊዜው ተዉአቸው።
እነዚያን እንጥራ፣ ከቁጥር አናት ላይ ወጥተው የሰፈሩ፣
ሺፍት ካልተጫንን ወደኛ የማይዞሩ።»
«ሽፍታ?» አለ አንዱ ከኋላ።
ክፍሉ በሳቅ ሞላ።
«ይሁን፣ ሽፍታም ይሁን» አልኩ፤ «አምባ ላይ ናቸውና።»

ሁለት ቋሚ ጣልኩኝ፣ ሁለት አግዳሚ።
«መረብ!» አለ ቶፊቅ፣ የዓሣ አጥማጁ ልጅ፣
ጀልባቸው የታሰረች ከደሴቱ ደጅ።
መጽሐፌ ለ# ሌላ ስም ነበረው፤ ተውኩት፤
መረብ ይሻል ነበር፣ «መረብ ነው» አልኩት።
«ከዚህ መረብ ኋላ የጻፍከውን ሁሉ
ማሽኑ አያነበውም፤
ሰው ለሰው የሚተወው ማስታወሻ ነው ውሉ።»
ቶፊቅ አልዘገየም፤ ጣቱን አሹሎ ጻፈ፦
# የመምህሩ ካልሲ ግራው ጥቁር ቀኙ ቡኒ
ማሽኑ ዝም አለ፤ ልጆቹ ግን ዝም አላሉም።
ጎንበስ ብዬ አየሁ።
እውነቱን ነው።

«አንዷ = ትሰጣለች፤
መንታዋ == ትጠይቃለች።
በአንዷ ዋጋው ሃምሳ ይሁን ብለን እንሰይማለን፣
በመንታዋ ሃምሳ ነው ወይ ብለን እንመረምራለን።»
«እናቴ ግን» አለች ነጃት «ገበያ መሐል ላይ
ሁለቱንም ባንዴ ነው፤ ሃምሳ ነው፣ አይደል ወይ?»

ብሥራት የመሪጌታው እጁን አነሣና፣
«አባባ መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ አለና፤
ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ከፊደል ራስ ላይ ጥቃቅን፣
አይነበቡም እንጂ ያዘነብላሉ ድምፅን።»
ነጃት ቀጠለች፦ «የኛም ቁርኣን ላይ አለች፣
ከስራ የምትባል፣ ከፊደል ሥር የተኛች፤
እሷን የሳትኩ ለታ
ኡስታዝ ከመነሻው ያስደግሙኛል እስከ ማታ።»
መጽሐፌ ይህን የትም ቦታ አላለኝም።

ሉባባ ከሁሉም ታንሳለች።
ሳትናገር ጽፋ ጨረሰች፣
በመስመሩ ጫፍ ላይ ። አስቀመጠች።
ማሽኑ ቀላ።
አጠፋችና ጻፈች፤ አሁንም ። ጨመረች።
ማሽኑ ደግሞ ቀላ።
«ሉባባዬ፣ አራት ነጥብ አያውቅም» አልኳት።
«ለምን አያውቅም?
የአማርኛው መምህር ነጥብ ካልጨመርሽ
ነጥብ እቀንሳለሁ ብለውኛል።
ለማን ልታዘዝ?»

ዘጠኙም አዩኝ። ሁለቱ ምዕራፌ እዚያ ላይ አለቀ።
ምን ልበላት? ሲሠሩት ማንም እኛን አልጠየቀ?
ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ እንዴት ይሏል?
አፌን ስከፍት መብራት ሄደ። ማሽኑ ጠፋ።
መብራት ኃይልን ያን ዕለት ብቻ አመሰገንኩ።

በሰሌዳው ላይ ጥንድ ጭረት ሣልኩ፣
ትንሽ ራቅ አድርጌ ሌላ ጥንድ፦ " "
«ይኸውልሽ፣ ይህ ቤት ነው፤ ትእምርተ ጥቅስ፤
የገባበትን እንግዳ ከየት መጣህ አይልም፣
ማሽኑም እንዳለ ያደርሰዋል፣ አይነካካውም።
ብቻ በሩን መዝጋት አትርሺ፤
ከፍተሽው ከሄድሽ እስከ ገጹ ግርጌ ያለው ሁሉ ይገባል።»

መጥታ ጠመኔዬን ወሰደች።
በእግር ጣቷ ቆማ በቤቱ ውስጥ ጻፈች፦
"ሉባባ እዚህ ነበረች።"
አራቱን ነጥብ ስትተክል እየደቃች ነበር፤
ሦስተኛው ላይ ጠመኔው ተሰበረ፣
በስባሪው ጨረሰች።

መብራት ማክሰኞ መጣ።
ጻፈችው። በሩን ዘጋች። ተጫነች።
ማሽኑ አልቀላም፤ ዓረፍተ ነገሯን መለሰላት፣ ከነነጥቡ።
እኔን አላየችኝም።
እንደ ገበያ መልስ በጣቷ ቆጠረችው፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
«ሞልቷል» አለች።